ጥርሱ የዘር ነው ወይስ የውኃ?

ሰውየው ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። በዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ሲነዳ ዓመታት ያስቆጠረ፣ በየሰላማዊ ሰልፉ መፈክር ሲያሰማ ድምፁ ከሁላችንም በላይ የሚሰማ፣ ጨዋታ አዋቂ ወዳጄ ነው። ሳቁ ሲመጣ ግን ቀኝ እጁ ሳይታዘዝ ወደ አፉ ይሄዳል። ያደገው ወንጂ ነው። ጥርሶቹ ቡናማ ናቸው፤ የፊተኞቹ ላይ ደግሞ የመቦርቦር ምልክት አለባቸው። አብረን የተነሳናቸው ፎቶግራፎች ሁሉ ላይ እንደ ዳኛ ኮስተር ብሏል።

ዘግይቶ ነው ያገባው። ባለቤቱ ስትፀንስ ደስታው ከጭንቀት ጋር ተደባለቀበት። አንድ ቀን ቡና ይዘን ቁጭ ባልንበት፣ «አየህ፣ ይኼ ነገር እኛ ቤት በዘር ነው» አለኝ። «እናቴ እንዲህ ናት፤ እኔም ሁለቱ ወንድሞቼም እንዲሁ። በእናቴ በኩል ነው የመጣው። ልጄም ይኼንኑ አፍ ይዞ ሊወጣ ነው።»

«ውኃው ነው የሚባለውስ?» አልኩት።

ሳቀ፤ አፉን ሸፍኖ። «ውኃ ቢሆንማ አባቴስ? ከከምባታ ለሸንኮራ ሥራ መጥቶ ከአርባ ዓመት በላይ ያንኑ ውኃ ነው የጠጣው። ጥርሱን ብታየው እንደ ወተት ነው። ትልቋ እህቴም እንደ እሱ ናት፤ በአባቷ ወጥታለች።»

እዚህ አገር ጥርሱን ያየለት ሐኪምም ከእሱ ጋር ተስማምቷል። «ቤተሰብህ ውስጥ ሌላ ሰው አለ ወይ?» ብሎ ጠይቆት «እናቴም ወንድሞቼም» ሲለው፣ በመዝገቡ ላይ «በዘር የሚተላለፍ የኢናሜል ጉድለት» ብሎ ጽፎለታል። ካርታ ላይ ወንጂን አግኝ ቢባል ለማያገኝ ሐኪም፣ ከአንድ ቤት አራት ሰው እንዲህ ሆኖ ሲነገረው ሌላ ምን ይላል?

ክርክሩ በእርግጥ ጠንካራ ይመስላል። አንድ ቤት፣ አንድ ውኃ፣ ሁለት ዓይነት ጥርስ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ ጉዳዩ ግን ቀደም ብዬ ያነበብኩት ስለነበር ሦስት ጥያቄ ጠየቅኩት። እህትህ የት አደገች? አባትህ ወንጂ ሲመጣ ስንት ዓመቱ ነበር? የወተት ጥርስህስ ምን ይመስል ነበር?

እህቱ እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ዱራሜ አያቷ ዘንድ ነበረች። አባቱ ሲመጣ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር። ሦስተኛውን አያውቅም። ግን ከሳምንት በኋላ የቆየ ፎቶግራፍ በስልክ ላከልኝ። የአምስት ዓመት ልጅ ነው፤ የጥምቀት ልብስ ለብሷል። አፉን ከፍቶ ይስቃል። ጥርሶቹ ነጭ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጥርስን ውጫዊ ክፍል፣ ማለትም ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራ የሆነውን ኢናሜል የሚሠሩት አሜሎብላስት የሚባሉ ሴሎች ናቸው። እነዚህ ሴሎች ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ ሥራቸውን ይጨርሳሉ፤ ጥርሱ ብቅ ሲል እነሱ የሉም። ስለዚህ ኢናሜል አንዴ ከተበላሸ ሰውነት መልሶ አይሠራውም። የቋሚ ጥርሶች ኢናሜል፣ ከመንጋጋ መጨረሻዎቹ በስተቀር፣ የሚሠራው ከልደት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሕፃኑ ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ ከጠጣ ኢናሜሉ በደንብ ሳይጠነክር ይቀራል፤ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይበዙበታል። ጥርሱ ሲወጣ ኖራ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ይኖረዋል። ቡናማው ቀለም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፍሎሮሲስ የሚባለው ይህ ነው።

ሊጥ ውስጥ የወደቀ አመድ እንጀራውን ያበላሻል። እንጀራው ተጋግሮ ከወጣ በኋላ ግን ምድጃ ሥር ያለው አመድ ምንም አያደርገውም። የአባቱና የእህቱ ጥርስ የተጋገረው ከምባታ ነው። የእናቱ፣ ሕፃን ሆና ወንጂ የመጣችው፣ የተጋገረው እዚያው ነው። የወዳጄ የወተት ጥርሶችም በአብዛኛው የተሠሩት በእናቱ ማኅፀን ሳለና በመጀመሪያው የጡት ዓመት ስለሆነ፣ ከቋሚዎቹ ይልቅ ተርፈዋል። ዘር ቢሆን ኖሮ አይተርፉም ነበር።

ወንጂ ለዚህ ጉዳይ ከማንኛውም ቤተ ሙከራ የበለጠ ምስክር ነው። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ የስኳር ፋብሪካውን በ1954 ሥራ ሲያስጀምር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሠራተኛው ከየአቅጣጫው ነው የመጣው፤ ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታ፣ ከአካባቢው ኦሮሞ፣ ከሰሜኑም። ደማቸው አንድ አይደለም፤ ቋንቋቸውም አንድ አይደለም። እዚያ የተወለዱት ልጆቻቸው ጥርስ ግን አንድ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከወንጂ የጉድጓድ ውኃዎች ውስጥ ከ10 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸው ነበሩ። ሸለቆው የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ከድንጋዩ የሚወጣው ፍሎራይድ ካልሲየም ቢያገኝ ኖሮ ከእሱ ጋር ተጣብቆ መሬት ውስጥ ይቀር ነበር። የሸለቆው ውኃ ግን ሶዲየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው በመሆኑ ፍሎራይዱ ሟሙቶ ከውኃው ጋር ይወጣል። ከመተሐራ እስከ ዝዋይና ሐዋሳ አካባቢ ድረስ ታሪኩ ይኸው ነው።

ስለ አባቱ ጤና ደግሞ እንዲያው ለጨዋታ ያህል ጠየቅኩት። «ደህና ነው፤ ዕድሜ ነው እንጂ» አለኝ። «አንገቱን ማዞር አይችልም። ከኋላው ሲጠሩት በሙሉ ገላው ነው የሚዞረው። ጎንበስ ማለትም አቅቶታል።»

እዚህ ላይ ቡናዬ ቀዘቀዘ። ያላየሁትን ሰው በሽታ መናገር አልችልም። ግን ከፍተኛ ፍሎራይድ ያለበትን ውኃ ለአሥርና ለሃያ ዓመት የጠጣ አዋቂ ሰው ጥርሱ ነጭ ሆኖ አጥንቱ ሊያዝ ይችላል። ፍሎራይዱ አከርካሪው ላይ ይከማቻል፤ ጅማቶቹ እንደ አጥንት ይጠጥራሉ፤ አንገትና ወገብ ይደርቃሉ፤ ሲብስም የኅብለ ሰረሰር ነርቭ ተጨፍልቆ እግር ይሰንፋል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ በስምጥ ሸለቆው ስለተስፋፋው ፍሎሮሲስ በሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈዋል፤ አዲስ ነገር አይደለም። ወዳጄ ለክርክሩ ምስክር አድርጎ የጠራቸው አባቱ፣ ጥርሳቸው ለእሱ ቢመሰክርም አንገታቸው ለውኃው ይመሰክር ይሆናል።

ይህን ስል ዘር ምንም የለበትም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ነገሩ የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው። በቤተ ሙከራ ሁለት የተለያየ ዝርያ ላላቸው አይጦች እኩል ፍሎራይድ ሲሰጣቸው የአንደኛው ዝርያ ጥርስ በቀላሉ ይበላሻል፤ የሌላኛው ይቋቋማል። ወንጂም ላይ ከአንድ ጉድጓድ ጠጥተው ያደጉ ሁለት ወንድማማቾች የአንደኛው ጠቆር ያለ፣ የሌላው ፈዘዝ ያለ ሊሆን ይችላል። ዘሩ የጉዳቱን ልክ ሊወስን ይችላል፤ ጉዳቱን ያመጣው ግን ውኃው ነው።

በእውነት በዘር የሚተላለፍ የኢናሜል ጉድለትም አለ። ሳይንሱ አሜሎጀነሲስ ኢምፐርፌክታ ይለዋል። ከፍሎሮሲስ የሚለየው በሁለት ነገር ነው፤ የወተት ጥርስንም ቋሚ ጥርስንም ይይዛል፤ ጎረቤት አይነካም። መንስኤ ከሆኑት ጂኖች የመጀመሪያው የታወቀው በ1991 ሲሆን የሚገኘው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። የዚህ ጂን ነገር ደስ የሚል እንቆቅልሽ አለው። ወንድ ያለው አንድ ኤክስ ስለሆነ ጉድለቱ ያለበት ወንድ ጥርሱ በሙሉ ይያዛል። ሴት ግን ሁለት ኤክስ አላት፤ በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ አንዱ ብቻ ነው የሚሠራው። ስለዚህ የእናትየው ጥርስ ከላይ ወደ ታች እንደ ጥበብ ቀሚስ ጥለት መስመር መስመር ይሆናል፤ አንዱ መስመር ጤነኛ፣ አንዱ ጎዶሎ። የትኛው ሴል የትኛውን ክሮሞዞም እንደመረጠ ጥርሷ ላይ ተጽፎ ይነበባል። ሁኔታው በጥቅሉ ብርቅ ነው። በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ከ14,000 ሰው በአንዱ፣ በሰሜን ስዊድን ግን ከ700 ሰው በአንዱ ተገኝቷል። ጥቂት ቤተሰቦች ለረዥም ዘመን ተቀራርበው በኖሩበት አካባቢ ብርቅ የነበረው ነገር ብርቅ መሆኑ ይቀራል።

ወዳጄ ዘር ያልሆነውን ዘር አለው። የሚቀጥለው ታሪክ ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው።

ጀርመን የምትኖር አንዲት እህታችን የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ሕፃኗ ከንፈሯና ላንቃዋ የተሰነጠቀ ነበር። አማቷ ከአገር ቤት ደውለው፣ «አንቺ ልጄ፣ በእርግዝናሽ ጊዜ ምን አየሽ? ከማን ጋር ተጣላሽ?» አሏት። ሌላው ዘመድ ቡዳ አለ፤ ሌላው እርግማን አለ። ክርስትናው በዝግ ቤት ተነሳ። ካሜራ የያዘ ሰው አልነበረም። እናትየው ለወራት የበላችውን፣ የጠጣችውን፣ የተናገረችውን ሁሉ እያሰበች ራሷን ስትከስ ከረመች።

የሆስፒታሉ የዘረመል ሐኪም ግን እናትየውን ትቶ አባትየውን አየ። በታችኛው ከንፈሩ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ስርጉዶች አሉት። ከልጅነቱ ጀምሮ የነበሩ ናቸው፤ እንደ ውበት ምልክት ነበር የሚቆጥራቸው። አባቱም ነበሩት። ሐኪሙ፣ «የአባትህ ወንድም ወይም እህት ከንፈር ተሰንጥቆ የተወለደ አለ?» ሲለው «የለም» ብሎ መለሰ። ማታ ወደ አገር ቤት ሲደውሉ ያው አማት ከብዙ ዝምታ በኋላ፣ «አንድ ነበር፤ ሕፃን ሆኖ ጡት መሳብ አቅቶት ሞተ። ማን ያነሳዋል ብዬ ነው» አሉ።

ይህ ሁኔታ ቫን ደር ዉድ ሲንድረም ይባላል፤ በ1954 ስለ ከንፈር ስርጉዶቹና ስለ ውርሳቸው በጻፈችው አሜሪካዊት ሐኪም የተሰየመ ነው። መንስኤው አይ.አር.ኤፍ.6 የተባለ ጂን መሆኑ የታወቀው በ2002 ነው። ለመታወቁ ፍንጭ የሰጡት አንድ ዓይነት መንትዮች ነበሩ። በሁሉ ነገር አንድ ሆነው አንደኛው ሁኔታው አለበት፣ ሌላኛው የለበትም። ሳይንቲስቶቹ የሁለቱን ዲ.ኤን.ኤ. ጎን ለጎን አስቀምጠው ልዩነቱን ፈለጉ፤ አገኙትም። ጂኑ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የሚያሳስተው ነገር ግን ጂኑ በአንዱ ላይ ስርጉድ ብቻ፣ በሌላው ላይ የከንፈር ስንጥቅ፣ በሦስተኛው ላይ የላንቃ ስንጥቅ ሆኖ መምጣቱ ነው። መልኩን ስለሚቀያይር ቤተሰቡ አንድ ነገር መሆኑን አያውቅም።

ተሰንጥቆ የሚወለድ ሕፃን ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። ከንፈርና ላንቃቸው ተሰንጥቆ ከሚወለዱት ውስጥ ቫን ደር ዉድ ያለባቸው 2 በመቶ ገደማ ቢሆኑ ነው። በዓለም ዙሪያ ከ700 ሕፃናት አንዱ እንዲህ ይወለዳል ተብሎ ይገመታል። በአብዛኞቹ ላይ ብዙ ጂኖች እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ አዋጥተው፣ የእናት ሲጋራ ማጨስ፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ወይም የምግብ እጥረት ተጨምሮበት ነው የሚሆነው። አንድ ልጅ እንዲህ የተወለደላቸው፣ ሌላ ዘመድ የሌለባቸው ወላጆች ቀጣዩ ልጃቸው እንዲሁ የመሆን ዕድሉ ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው። ከ100 ውስጥ 95ቱ ጤነኛ ማለት ነው። ይህችን ቁጥር የነገራቸው ሰው ባለመኖሩ ሁለተኛ ልጅ ሳይወልዱ የቀሩ ባልና ሚስት አውቃለሁ። የከንፈር ሁለቱ ጠርዞች የሚገጥሙት በስድስተኛውና በሰባተኛው ሳምንት ነው፤ ብዙ ሴት መፀነሷን እንኳ በቅጡ ሳታውቅ። «ምን አየሽ?» ተብላ የምትጠየቀው እናት ያየችው በአምስተኛው ወር ከሆነ፣ ከንፈሩ ከተወሰነ ቆይቷል።

የእኛን ሰው ጂን በሚመለከት ለረዥም ጊዜ የተጻፈ ነገር አልነበረም። የዚህ ጥናት ሁሉ መዝገብ የአውሮፓና የእስያ ሕዝብ ነበር። ናይጄሪያ ተወልደው አሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ዶክተር አዚዝ ቡታሊ ከጋና፣ ከናይጄሪያና ከኢትዮጵያ ሐኪሞች ጋር ሆነው ይህን ክፍተት ለመሙላት ተነሱ። ከኢትዮጵያ በኩል ከተሳተፉት አንዱ በአዲስ አበባ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም የሆኑት ዶክተር መኮንን እሸቴ ናቸው። በ2019 ያሳተሙት ጥናት ለላንቃ ስንጥቅ ከዚያ በፊት ያልታወቁ ሁለት ቦታዎችን በ2ኛውና በ19ኛው ክሮሞዞም ላይ ጠቁሟል። ለከንፈር ስንጥቅ ደግሞ በአውሮፓውያን ዘንድ የታወቀው የ8ኛው ክሮሞዞም ቦታ በእኛም ላይ ዋነኛው ሆኖ ተገኘ። ከፊሉ የጋራ ነው፤ ከፊሉ ሌሎቹን ብቻ በማጥናት የሚገኝ አይደለም።

ዘር የሚለው ቃል በእኛ ፖለቲካ ውስጥ ምን እንደሆነ ለዚህ ድረ ገጽ አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። አንድ ነገር ግን ይገርመኛል። ጋብቻ ሲመጣ ሽማግሌዎቻችን ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ከማን ወገን ነው፣ አያቱ ማን ነበር፣ ርስታቸው የት ነው ይባላል። ሰባት ቤት መቁጠሩ በራሱ ለጤና ይበጃል፤ ከሁለቱም ወላጆች ካልመጡ የማይታዩ ጉድለቶች ዘመዳሞች ሲጋቡ ይበዛሉና። ግን ይህ ሁሉ ሲቆጠር በሕፃንነቱ የሞተው አጎት አይቆጠርም። እዚህ ውጭ አገር ክሊኒክ ገብተን «በቤተሰብ የሚታወቅ ችግር አለ?» ስንባል ደግሞ ሁላችንም በአንድ ቃል «የለም» እንላለን። ያ «የለም» ነው ጀርመን ያለችውን እናት ለወራት ያስለቀሳት።

ወደ ውኃው ልመለስ፤ ምክንያቱም ጂንን ማንም መንግሥት አላመጣውም። ውኃው ግን ባለቤት አለው። በወንጂ ፍሎራይድን ለመቀነስ በ1960ዎቹ ማጣሪያ ተተክሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሸለቆው የአጥንት ከሰል ተሞክሯል፤ ከሕንድ የመጣው የአሉምና የኖራ ዘዴም ተሞክሯል። የሚሠሩ ናቸው፤ የሚሠሩት ግን ማጣሪያውን የሚቀይር፣ ውኃውን የሚለካ ሰው እስካለ ድረስ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ፍሎራይድ ከሌለበት ከደጋው በቧንቧ ማምጣት ነው፤ እሱ ደግሞ ገንዘብና ፈቃድ ይጠይቃል። ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግም በ2019 ፈረሰ። በ2015 ኢትዮጵያ የሚሌኒየሙን የመጠጥ ውኃ ግብ አሳካች፣ 57 በመቶው ሕዝብ ውኃ አገኘ ተብሎ ሲጨበጨብ የነበረውን ታስታውሱ ይሆናል። ያ መለኪያ የሚቆጥረው የተሻሻለ የውኃ ምንጭ መኖሩን ነበር፤ የተከደነ ጉድጓድ ወይም ቧንቧ። ውስጡ ያለውን ፍሎራይድ አይቆጥርም። ስለዚህ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ፣ ሪባን ተቆርጦለት፣ በሪፖርት ላይ ስኬት ሆኖ፣ የዚያን መንደር ሕፃናት ጥርስ ሊያጠቁር ይችል ነበር። ፍሎራይድን ከመለኪያው ያስገባው ከዚያ በኋላ የመጣው የተባበሩት መንግሥታት ግብ ነው። እንግዲህ በየመንደሩ መለካቱን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ለአገር ቤት ጉድጓድ ማስቆፈሪያ ገንዘብ የምታዋጡ ማኅበራትም ቆፋሪውን ስለ ጥልቀቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ፍሎራይዱ ልክ ጠይቁት። ጥልቅ ጉድጓድ በሸለቆው አንዳንድ ጊዜ የባሰው ነው።

ወዳጄ የሚቀጥለው ቀጠሮው ላይ ለጥርስ ሐኪሙ የወንጂን ታሪክ ነገረው። የአምስት ዓመቱን ፎቶግራፍም አሳየው። ሐኪሙ መዝገቡን አስተካከለ፤ ቀለሙን የሚያነጣና የሚሸፍን ሕክምና እንዳለም አስረዳው። ልጁ ተወልዳለች። የወጡት ጥርሶቿ ነጭ ናቸው። ወንጂ ላሉት አያቷ ስትስቅ የተነሳችውን ቪዲዮ ላከላቸው። እንዲያዩት ስልኩን ዓይናቸው ፊት ለፊት ቀጥ አድርጎ የያዘላቸው የጎረቤት ልጅ ነው፤ እሳቸው ጎንበስ ማለት አይችሉም። ለምርመራ አዲስ አበባ እንዲወስዷቸው ለወንድሞቹ ገንዘብ ልኳል።